የሚሳኤል ወገብና የሦስት ፎቅ ደረጃ

ሚሳኤልን ያየ ሰው ሁሉ «ይሄማ ግድግዳ ነው» ይላል። ትከሻው ሰፊ፣ አንገቱ ደንዳና፣ ቁመቱ በር ላይ ጎንበስ የሚያሰኝ ነው። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ካሉት ሕንፃዎች በአንደኛው ምድር ቤት ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል። ደንበኞቹ «አንተን የሚያክል ጎረምሳ መርፌ ይዞ ሲቀመጥ ትንሽ አይከብድም?» እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል። የሰው ዓይን እንግዲህ ከቆዳ አያልፍም። ከወገቡ ትንሽ ከፍ ብሎ አንዱ የአከርካሪ አጥንቱ በክረምቱ ተደርምሶ እንደነበር፣ ከሐኪሟ ሌላ የሚያውቁት እሱና ታናሽ ወንድሙ ማኑሄ ብቻ ነበሩ።

ሠርጉ ደግሞ በሚመጣው እሑድ ነው። ጣጣው ያለው እዚያ ላይ ነው።

የሙሽሪት የውዳሴ ቤተሰብ የሚኖረው ላፍቶ፣ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የሚባል ነገር የለም። በዚያ ብሎክ የጎረቤት ጉራ የወለደው አንድ ልማድ አለ፦ ሙሽራው ሙሽሪትን ከቤቷ በር ላይ ብድግ አድርጎ፣ ደረጃውን ሁሉ ወርዶ፣ የተሸለመችው መኪና ውስጥ ያስቀምጣታል። መንገድ ላይ መሬት ካስነካት አለቀለት። ጎረቤቱ በየበረንዳው ቆሞ ያየዋል፣ ቪዲዮው ላይ ይቀራል፣ ልጅ ወልዶ ክርስትና እስኪያነሳ ድረስ ይወራበታል። የውዳሴ ታላቅ እህት ባል፣ ንፋስ ሲነሳ ምሰሶ መያዝ ያለበት የሚመስል ቀጫጫ ሰውዬ፣ ላብ በላብ ሆኖም ቢሆን ሚስቱን አውርዷታል። ታዲያ ግድግዳው ሚሳኤል ምን ብሎ ይቀራል?

ደግሞ ጥፋቱ የራሱ ነው። በፋሲካ ሰሞን፣ ገና ጤነኛ ነኝ ብሎ በሚያስብበት ጊዜ፣ የእጮኛው ወንድም ልዑልቃል «እስከ መኪናው ትችላታለህ?» ብሎ ቢተነኩሰው፣ «እስከ መኪናው ብቻ? እስከ መካኒሳ ነው የምወስዳት» ብሎ አረፈው። ምን አፍ አስከፈተህ? ልዑልቃል ያቺን ቃል ይዞ ለሰፈሩ ሁሉ አዳረሳት።

ከዚያ ሐምሌ መጣ። አንድ ጠዋት ሱቁ በር ላይ የተራገፈ ጣቃ ጨርቅ ብድግ ሲያደርግ ወገቡ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ትንፋሹ ቆመ። ብርድ መትቶኝ ነው አለ፤ የኛ ሰው መቼም ብርድ ነው ያላለው ምን በሽታ አለ? እናቱ ወይዘሮ አምሳለ በቅባት አሹት፣ በጋቢ ጠቀለሉት፣ ዝንጅብል አፍልተው አጠጡት። ሳምንት አለፈ፣ ሁለተኛው ተከተለ፣ እሱ ግን ባስነጠሰ ቁጥር እንባው ይመጣል። በመጨረሻ ማኑሄ «ተነስ፣ ካልተነሳህ ተሸክሜህ ነው የምሄደው» ብሎ እየጎተተ ሐኪም ዘንድ ወሰደው።

ዶክተር ኤሌኒ የምትባለዋ ሐኪም ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅላ ደጋግማ አየችው።

«ከየት ነው የወደቅከው?» አለችው።

«አልወደቅኩም። ጨርቅ ነው ያነሳሁት።»

«ጨርቅ ብቻ?»

«ጨርቅ ብቻ።»

ፊቷ ተለወጠ። ደሙን አስመረመረች፣ የአጥንት ጥንካሬ የሚለካ መሣሪያ ላይ አስተኛችው፣ ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ ሁለቱንም ወንድማማቾች አስቀምጣ፣ «አጥንትህ ሳስቷል። በሃያ ሰባት ዓመት ሰው ላይ ብዙ የምናየው ነገር አይደለም። አባትህ እንዴት ናቸው?» ብላ ጠየቀችው።

ወንድማማቾቹ ተያዩ።

አባታቸው አቶ መኩሪያ በአርባ ዓመታቸው ገደማ የጤፍ ኩንታል ከጋሪ ሲያወርዱ ወገባቸውን ይዘው ቁጭ እንዳሉ ቀሩ። መጋኛ መታው ተባለ። ጠበል ሄዱ፣ ወጌሻ አያቸው፣ ያልተባለ ነገር የለም። ከዚያ ወዲህ ጎብጠው፣ በረንዳ ላይ ከተቀመጡበት ወንበር ሲነሱ ሰው እየደገፋቸው፣ ሃያ ዓመት ሊሞላቸው ነው። እንግዳ ሲመጣ እሳቸውን ትቶ «ጋሼ ዛሬ እንዴት ዋሉ?» ብሎ ሚስታቸውን ይጠይቃል። ከወገባቸው ጋር ጆሯቸውም የተሰበረ ይመስል። ሚሳኤል ከልጅነቱ ጀምሮ ከዚህ በላይ የሚያንገበግበው ነገር አልነበረም።

ዶክተሯ ይህን ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች። «እንግዲህ ስማኝ» አለች፤ «አጥንት እስከ ሠላሳ ዓመት ገደማ እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ የምንበላው ከተጠራቀመው ነው። ምን ያህል እንደሚጠራቀም ከግማሽ በላይ የሚወስነው ከእናት ከአባት የሚወረሰው ነው። እሱን ማንም አይቀይርልህም። የቀረው ግን አኗኗር ነው። ጉርምስናህን የት አሳለፍከው?»

የት ያሳልፈዋል? ከአሥራ አምስት ዓመቱ ጀምሮ ምድር ቤት፣ ማሽን ላይ። ፀሐይ ሳትወጣ ይገባል፣ ከጠለቀች በኋላ ይወጣል። ምሳው ደረቅ ዳቦና ለስላሳ ነው። ሲጋራ የጀመረው ጢሙ ሳይበቅል ነው። ኳስ እንኳ የሚያውቀው በቴሌቪዥን ነው። ትከሻው የሰፋው በተፈጥሮው እንጂ በሥራ አይደለም።

ማኑሄም ተለካ። የሱም አጥንት ከእኩዮቹ ትንሽ ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ፤ የሚያሰጋ ግን አልነበረም። ማኑሄ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ኮብልስቶን ሲያነጥፍ ነው የጎረመሰው፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ማታ የእናቱን እርጎ እየጨለጠ። እና ልብ በሉ፣ ቤተሰቡ እኮ ሲያዝን የኖረው ለማኑሄ ነው። «ይሄ ልጅ ፀሐይ ፈጀው፣ እንደ ወንድሙ ጥላ ሥር የሚያውለው ጠፋ» ሲባል ነው የኖረው። ጥላውን ታዲያ አየነው።

«መድኃኒትህን ትውጣለህ» አለች ዶክተር ኤሌኒ፤ «ሲጋራውን ትተዋለህ፣ እንቁላልና ወተት ትበላለህ፣ ፀሐይ ላይ በእግርህ ትሄዳለህ። ይሻሻላል። እስከዚያ ግን ከሕፃን ልጅ የሚከብድ ነገር እንዳታነሳ። አሁን ሌላ አጥንት ከተደረመሰና ነርቭህን ከነካው፣ አባትህ እንደሆኑት መሆን ብቻ አይደለም፣ ጭራሽ ላትቆም ትችላለህ።»

ውዳሴ የሕፃን ልጅ ክብደት አይደለችም። ደልደል ያለች፣ ሳቋ ቤት የሚሞላ፣ መዋዕለ ሕፃናት የምታስተምር ልጅ ናት። ሚሳኤል ሊነግራት ያላሰበበት ቀን የለም። ግን ሽማግሌ በተላከ ጊዜ እናቷ «ጤናውስ?» ብለው ጠይቀው፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳያቅማማ «እንደ ብረት ነው» ብሎላቸዋል። ያ ሁሉ ሰው የሰማው ነገር እንዴት ይመለሳል? ከሁሉም በላይ ግን የሚፈራው ዓይኗን ነው። ሰዎች አባቱን የሚያዩበት ዓይን እሷ ላይ መጥቶ እንዳያየው ነው የፈራው።

ማክሰኞ ከሰዓት ከሥራ ስትወጣ ሱቁ ድረስ መጣች። ቬሎዋን ለክታ መምጣቷ ነው፤ ጉንጮቿ ቀልተዋል።

«ቬሎው ብቻውን ስንት እንደሚከብድ ብታውቅ» አለችው፤ «እህቴ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ይጥልሻል ብላ አስይዛብኛለች። እንዳታዋርደኝ፣ ሚሳ።»

«ውዲ፣ አንድ ነገር…»

«ምን?»

ያን ደስታዋን አየና ሐሳቡን ቀየረ። «ምንም። ጫማሽ ተረከዙ እንዳይረዝም ልልሽ ነው።»

እሷ ሳቀች። «እኔ መች ልራመድበት ነው?» ብላ ወገቡን በቀልድ መታ አደረገችውና ሄደች። እሱ ማሽኑን ተደግፎ፣ ሕመሙ እስኪያልፍለት ጥርሱን ነክሶ ቆየ። ፈሪ ነው? ፈሪ ነው። ምን ይባላል ሌላ?

ሐሙስ ማኑሄ ከሥራ መልስ ጠብቆ ያዘው። ሁለቱ ወንድማማቾች በመካኒሳ መንገድ ዳር ዳሩን እየሄዱ ተጨቃጨቁ።

«ነገርካት?»

«እነግራታለሁ።»

«መቼ? ደረጃው ላይ?» አለ ማኑሄ። «ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ።»

«ብትነግራት ወንድሜ አይደለህም። አባዬን ሰው እንዴት እንደሚያየው አታውቅም?»

«አባዬ የቆመው በሰው ድጋፍ ነው። አንተን ነገ ማን ሊደግፍህ ነው?»

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ማኑሄ። ሦስት ፎቅ። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኬን ምንም አላነሳም» አለ ሚሳኤል።

ማኑሄ መንገዱ ላይ ቆመ። የተናደደ ሰው ነው፤ ግን የታላቅ ወንድምን ቃል መስበር ከድንጋዩ ይልቅ ከበደው። «እንግዲያው ከፊት ከፊትህ ነው የምወርደው» አለው፤ «ከወደቅክ እኔ ላይ ትወድቃለህ።»

እሑድ ደረሰ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። የሙሽራው መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ሲገቡ፣ በየበረንዳው ሰው ተንጠልጥሏል። ሚዜዎቹ እየጨፈሩ ደረጃውን ወጡ። በሩ ላይ ልዑልቃልና የአጎቱ ልጆች ክንድ ለክንድ ተያይዘው አናስገባም አሉ፤ እንደ ወጉ ተዘፈነ፣ ተገፋ፣ ተለመነ፣ ሽቶ ተረጨ፣ በሩ ተከፈተ። ሚሳኤል ከሱሪው በላይ፣ ከሸሚዙ ሥር፣ ሰፊ ቀበቶ ጠምጥሞ ነው የመጣው፤ ራሱ የሰፋው ነው። ልብስ ሰፊ ነውና አጥንትም ይሰፋ መስሎታል።

ውዳሴ ከውስጠኛው ክፍል ወጣች። ምርቃቱ አለቀ። እናቷ አለቀሱ። ከዚያ ልዑልቃል እጁን አጨብጭቦ፣ «እንግዲህ፣ እስከ መካኒሳ ያለው ሰውዬ የታለ?» አለ፤ ቤቱ በሳቅና በእልልታ ተናጋ።

ሚሳኤል ጎንበስ አለ። ጉልበቱን አጠፈ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ ክንዶቹን ከሥሯ አስገባና ብድግ አደረጋት።

ምንም አልሆነም። ለአፍታ ምንም አልሆነም። አንገቱን አቀፈችው፣ ጆሮው ሥር ሳቀች፣ እሱም ከበሩ ወጣ። ማኑሄ ፊቱን ወደሱ መልሶ፣ ጀርባውን ለደረጃው ሰጥቶ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ወደ ኋላ እየወረደ ነው። ሰዉ ጭፈራ መስሎት ያጨበጭብለታል። የማኑሄን ፊት ያየ ግን የለም፤ አመድ መስሏል።

የመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች አለፉ። ከዚያ ከወገቡ በላይ አንድ የሚያቃጥል ነገር ተነሳና ወደ ጎኑ ዞረ። ሚሳኤል ቀኝ እግሩን አወረደ። ግራውን አስከተለ። ላቡ ከግንባሩ ወርዶ ዓይኑ ውስጥ ገባ። የሚጠርግበት እጅ የለውም። ቀኝ እግሩ የደነዘዘ መሰለው። እውነት ደንዝዞ ይሁን ፍርሃት ይሁን መለየት አቃተው፤ ዶክተሯ ያለችው ብቻ ነው ጭንቅላቱ ውስጥ የሚጮኸው። «በርታ» አለው ማኑሄ በሹክሹክታ፤ «ደርሰናል፣ ማረፊያው ጋ ደርሰናል።»

የሁለተኛው ፎቅ ማረፊያ ላይ ሲደርሱ፣ ከታች ካሜራ ይዞ ሲጠብቅ የነበረው የቪዲዮ ባለሙያ እጁን አነሳ። «ሙሽሮች፣ ይቅርታ፣ መስኮቱ ብርሃኑን አበላሸብኝ። አንዴ ከበሩ ጀምረን እንድገመው» አለ። እንደገና። ከላይ።

«ይደገም፣ ይደገም» ይላል ሰዉ ከላይ። ልዑልቃል «ለሱማ ምን አላት፣ ገና መካኒሳ ይቀረዋል» ይላል።

ሚሳኤል ወደ ላይ አየ። ያን ደረጃ አየ። ከዚያ ሳይታሰብ ጉልበቱን አጥፎ ውዳሴን ቀስ አድርጎ ወለሉ ላይ አቆማት። ጭብጨባው ቀዘቀዘ። ከላይ አንዲት ሴትዮ «ውይ፣ አስነካት» ስትል ተሰማች።

ውዳሴ መጀመሪያ የሳቀች መሰለች። ከዚያ ፊቱን አየች። «ምን ሆነሃል?»

«አልችልም።»

«ደከመህ?»

«አልደከመኝም። ወገቤ ተሰብሯል። ከክረምት ጀምሮ ነው። ምንም እንዳላነሳ ሐኪም ከልክላኛለች።»

ልዑልቃል አፉን ከፍቶ ቀረ። ውዳሴ የማኑሄን የተዘረጉ እጆች አየች፣ የሚሳኤልን በላብ የራሰ ሸሚዝ አየች፣ ገባት።

«ስታነሳኝ ይህን እያወቅክ ነው?»

«እያወቅኩ ነው።»

«እዚህ ደረጃ ላይ ብትቀርስ?» አለች። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ የተንቀጠቀጠው ግን በንዴት ነው። «በሠርጌ ቀን በቬሎ ሆስፒታል በር ላይ ልታስቀምጠኝ ነበር? ለቪዲዮ ብለህ?»

«ሰው አባቴን እንደሚያየው እንዳታዪኝ ብዬ ነው።»

«እኔ አባትህን እንዴት እንደማየው መቼ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አለች። «እኔ እኮ ቤታችሁ ስመጣ መጀመሪያ የማወራው ከሳቸው ጋር ነው። አላየኸኝም?»

አይቷት ነበር። ለወግ መስሎት ነበር እንጂ። አሁን አፍሮ አንገቱን ደፋ። ግን ከተከፈተ አይቀር አንድ የቀረ ነገር ነበር፤ ከሁሉም የከበደው እሱ ነው። አሁን ካልተናገረው መቼም እንደማይናገረው አወቀ።

«ሌላም አለ» አላት። «ከአባቴ የወረስኩት ነው። ልጆቻችንም ሊወርሱት ይችላሉ።»

የውዳሴ እናት ከላይ «ምን ተባለ?» ብለው ሲጠይቁ ማንም አልመለሰላቸውም። ሚሳኤል ታች የቆመው መኪና ባዶውን ሲመለስ፣ አዳራሹ፣ እንግዳው፣ ጎብጠው በክብር ወንበር ላይ የሚጠብቁት አባቱ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ታየው። ውዳሴ ቀለበቷን በአውራ ጣቷ ስታዞር፣ ስታዞር ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ ማኑሄን ከጫማው እስከ ፀጉሩ አየችው።

«ማኑሄም የአባትህ ልጅ ነው፣ አይደል?»

«ነው።»

«እሱም ተመርምሯል?»

«ተመርምሯል» አለ ማኑሄ ራሱ። «ትንሽ ይቀንሳል እንጂ ደህና ነው ብለውኛል። እኔ እኮ ፀሐይ ላይ ድንጋይ ስሸከም ነው ያደግኩት።»

ውዳሴ ራሷን ነቀነቀች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ ንዴቷም አልበረደም፤ ሁለቱም ፊቷ ላይ ናቸው። ጫማዎቿን አወለቀችና ለልዑልቃል ወረወረችለት፣ ማኑሄን በትከሻው ይዛ ወደ ጎን አደረገችው፣ እሱ ቆሞበት የነበረው ደረጃ ላይ በባዶ እግሯ ወርዳ ቆመች፣ እጇን ወደ ባሏ ዘረጋች።

«የኔ ልጆች ምድር ቤት ውስጥ አያድጉም» አለችው። «በል፣ ቀስ ብለህ ውረድ።»